የአዛውንቱን አፍ የሚያጸዳው ማን ነው?

አልጋ የያዙ አዛውንት ያሉበት ቤት ስገባ ሁሌ የምጠይቀው ነገር አለ። ገላቸውን ማን ያጥባል? መልስ አለ። ማን ያጎርሳል? መልስ አለ። መድኃኒቱን ማን ይሰጣል? ለሱም መልስ አለ። ጥርሳቸውን ማን ይቦርሻል ስል ግን ሰው እርስ በርሱ ይተያያል። “ድሮ እኮ ራሳቸው ይፍቁ ነበር” ይሉኛል።

ክፍተቱ ትንሽ ይመስላል። ግን ዕድሜ የሚያሳጥር ክፍተት ነው። የደከመ ሰው አፉ ሳይጸዳ ሲከርም አደጋ ላይ የሚወድቀው ሳንባው ነው። ሰው ሲሞት ምክንያቱ “የሳንባ ምች” ተብሎ ይጻፋል። ጥርስን የሚያነሣ የለም። የበሽታው መነሻ ግን ብዙ ጊዜ እዚያው አፍ ውስጥ ነበር።

እኔ የምሠራው አራት ኪሎ አካባቢ፣ ጥርስ ሕክምና ላይ ነው። ሰፈሩ አዛውንት የሚበዙበት ነው። ከፒያሳ እስከ ስድስት ኪሎ በቀሩት የቆዩ ቤቶች ብዙዎቹን የሚያስታምማቸው ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ ወይም የቤት ሠራተኛ ነው። ጧሪ የሌላቸው ደግሞ መጦሪያ ይገባሉ። ስድስት ኪሎ የማዘር ቴሬዛ እኅቶች የሚያስተዳድሩት ቤት አለ። በ2002 ዓ.ም. በቢኒያም በለጠ የተመሠረተው መቄዶንያ ደግሞ ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ይረዳል። የምጽፈው ለሁለቱም ወገን ነው፤ እቤት ለሚያስታምመውም፣ መጦሪያ ውስጥ ለሚያገለግለውም። አፍና ሳንባ የት እንዳሉ አይመርጡም።

በመጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሆን እንይ።

በሰው አፍ ውስጥ ከ700 በላይ የባክቴሪያ ዓይነቶች ተገኝተዋል። ብዙዎቹ ጉዳት የላቸውም። ጥርስ ላይ ሲለጠፉ ግን አንድ ላይ ተጣብቀው ስስ ሽፋን ይሠራሉ። ጠዋት ስትነሡ ምላሳችሁ ጥርሳችሁ ላይ የሚያገኛት የምታሟልጭ ነገር እሷ ናት። ሐኪሞች ፕላክ ይሏታል። ካልተነካች ትወፍራለች፣ ቆይታም ድንጋይ ትሆናለች። ድድ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይደማል።

ይህን ሽፋን ያለ ክፍያ የሚዋጋልን ምራቅ ነው። ጤነኛ ሰው በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ተኩል ምራቅ ያመነጫል። ምራቁ ምግብ ያጥባል፣ አሲድ ያለዝባል፣ ባክቴሪያን ይይዛል። አዛውንት የሚወስዷቸው ብዙ መድኃኒቶች ግን አፍ ያደርቃሉ። አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒት፣ የድብርት መድኃኒት፣ የአለርጂ እንክብል፣ የሽንት ፊኛ መድኃኒት። ሦስት አራቱን ባንድ ላይ የሚወስዱ አሉ። አፋቸው ይደርቃል፣ ምላሳቸው ይጣበቃል፣ ሽፋኑ ደግሞ ይፋፋል። አልጋ ላይ ውለው በሚያድሩና አፋቸው በማይጸዳ ሰዎች ላይ ሌላም ለውጥ ይመጣል። በጤናማ አፍ ውስጥ ብዙም የማይኖሩ፣ ሳንባን የሚያጠቁ ባክቴሪያዎች እዚያ ይሰፍራሉ።

አሁን ወደ ጉሮሮ እንውረድ። የአየርና የምግብ መንገዶች ጉሮሮ ላይ ጎን ለጎን ናቸው። ስንውጥ የአየሩ መንገድ ለቅጽበት ይዘጋል። ካልተዘጋ ትን ይለናል፣ እንስላለን፣ የገባው ነገር ይወጣል። ስትሮክ ያገኘው፣ ፓርኪንሰን የሚባለው የሚያንቀጠቅጥ የነርቭ በሽታ ያለበት ወይም የመርሳት በሽታ የያዘው ሰው ግን የመዋጥ ቅልጥፍናው ይቀንሳል። ከሁሉ የሚያስፈራው ሳል የሌለው ትንታ ነው። ምራቁ ወይም ሾርባው ወደ ሳንባ ይወርዳል፤ ሰውየው አይስልም፣ አጠገቡ ያለውም ምንም አያይም።

ጤነኞችም ቢሆኑ ከዚህ ነፃ አይደሉም። ጤነኛ ሰዎች ተኝተው ሳሉ በተደረገ ምርመራ ግማሽ በሚሆኑት ላይ ትንሽ ምራቅ ወደ ሳንባ ሲገባ ታይቷል። አይታመሙም፤ ሳንባቸው ያጸዳዋል። የአንድ የ85 ዓመት አዛውንት ሳንባ ግን ያን ያህል ጉልበት የለውም። የሚወርደው ምራቅ በባክቴሪያ የተሞላ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ሌላ ነው። ምራቅ ወደ ሳንባ እንዳይገባ ሙሉ በሙሉ መከልከል አንችልም። ምን ይዞ እንደሚገባ ግን በእጃችን ያለ ነገር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1998 አሜሪካ ውስጥ 189 አረጋውያንን በተከታተለ ጥናት፣ በትንታ ለሚመጣ የሳንባ ምች ከሚያጋልጡት ዋና ዋና ነገሮች መካከል እነዚህ ተገኙ፦ በሰው እጅ መጉረስ፣ አፍን ለማጽዳት በሰው እጅ መሆን፣ የበሰበሱ ጥርሶች ብዛት። የመዋጥ ችግር ብቻውን ብዙ ጊዜ አይበቃም። ችግሩ የሚከፋው የመዋጥ ችግርና የቆሸሸ አፍ ሲገናኙ ነው።

ጃፓኖች ነገሩን በሌላ መንገድ ፈተሹት። በ11 መጦሪያዎች የሚኖሩ 366 አረጋውያንን በሁለት ቡድን ከፈሉ። አንደኛው ቡድን እንደ ወትሮው ቀጠለ። ለሁለተኛው ቡድን አስታማሚዎች ከየምግቡ በኋላ ጥርሳቸውን ቦረሹላቸው፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ደግሞ የጥርስ ባለሙያ መጣ። ለሁለት ዓመት ተከታተሏቸው። አፋቸው ባልተጸዳላቸው ዘንድ 19 በመቶው የሳንባ ምች ያዛቸው፤ በተጸዳላቸው 11 በመቶው። በሳንባ ምች የሞቱት ደግሞ 16 በመቶና 7 በመቶ ገደማ ነበሩ። ይህ ውጤት የታተመው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ጥቅሙ የታየው ጥርስ ባላቸው ላይ ብቻ አልነበረም፤ አንድም ጥርስ የሌላቸውም ተጠቅመዋል። ድድና ምላስም ባክቴሪያ ይይዛሉ።

ሐቁን ሙሉ ልንገራችሁ፤ ሁሉም ጥናት እንዲህ አላበቃም። አሜሪካ ውስጥ፣ ኮነቲከት ግዛት፣ በ36 መጦሪያዎች ብሩሽን ክሎርሄክሲዲን ከተባለ ጀርም ገዳይ የአፍ መጉመጥመጫና ቀና አድርጎ ከመመገብ ጋር አጣምረው ሞክረው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ውጤት ከተለመደው እንክብካቤ የሚለይ ጥቅም አላሳየም፤ ጥናቱም ከጊዜው በፊት ቆመ። ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ደግሞ 14 መጦሪያዎች በተሳተፉበት ጥናት፣ በግማሾቹ ሠራተኞችን አሠልጥነው፣ ለአፍ እንክብካቤ ኃላፊ የሚሆን ሰው መደቡ። በአንደኛው ዓመት የሳንባ ምች በአንድ ሦስተኛ ገደማ ቀነሰ። በሁለተኛው ዓመት ጥቅሙ ደበዘዘ።

እነዚህን አብሬ ሳነባቸው የሚታየኝ አንድ ነገር ነው። ጥቅሙ ያለው በየቀኑ፣ በእጅ፣ በትዕግሥት በሚሠራ ሥራ ላይ ነው። የሠለጠነችው ሠራተኛ ስትለቅ፣ ኃላፊው ሲቀየር፣ ሥራው ይላላል፤ ጥቅሙም አብሮ ይሄዳል። ሆስፒታል ውስጥ በተኙ ሕሙማን ላይ የተደረጉ 15 ሙከራዎችን በአንድነት የመረመረ ሥራ ደግሞ በቅርቡ ወጥቷል። ጥርሳቸው የተቦረሸላቸው ሕሙማን በሆስፒታል በሚይዝ የሳንባ ምች የመያዝ ዕድላቸው በአንድ ሦስተኛ ገደማ ቀንሷል። በጽኑ ሕሙማን ክፍል ሞትም ቀንሷል።

ብሩሹ ነው ዋናው። መጉመጥመጥ ለብቻው ያን ሽፋን አይነቅልም። ድስት ላይ የደረቀ ሽሮ ውሃ ስለፈሰሰበት ብቻ አይለቅም፤ መፈተግ አለበት። ጥርስም እንደዚያ ነው። ስለዚህ ፋርማሲ ገብታችሁ ውድ መጉመጥመጫ ከመግዛታችሁ በፊት ለስላሳ ብሩሽ ግዙ።

ሌላው የዕድሜ መንገድ በማኘክ በኩል ያልፋል። አዋቂ ሰው ሙሉ ሲሆን 32 ጥርስ አለው። 20 ያህሉ ከቀሩ አብዛኛውን ምግብ ማኘክ ይቻላል ይባላል። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1989 ሕዝቧ 80 ዓመት ሲሞላው 20 ጥርስ እንዲኖረው የሚል ዘመቻ የጀመረችው በዚህ ምክንያት ነው። በኪታኪዩሹ ከተማ በመጦሪያዎች የሚኖሩ አረጋውያን ለ6 ዓመት ሲታዩም፣ ጥርስ የሌላቸውና ሰው ሠራሽ ጥርስም ያላደረጉት 20 እና ከዚያ በላይ ጥርስ ካላቸው ይልቅ በብዛት ሞተዋል።

እዚህ ላይ ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል። ጥርስ የሌለው ሰው ብዙ ጊዜ ድሃም ነው። ሲያጨስ የኖረ ሊሆን ይችላል። ስኳር በሽታ ሊኖርበት ይችላል፤ ስኳርና የድድ በሽታ ደግሞ አንዱ ሌላውን ያባብሳሉ። ስለዚህ “ጥርሱ አለቀ፣ በዚያ ሞተ” ማለት አይቻልም። የጥርስ ማለቅ ብዙ ጊዜ የሌላ ችግር ምልክት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት፣ በዓለም 60 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆናቸው ሰዎች 23 በመቶ ያህሉ አንድም ጥርስ የላቸውም። ሁሉም ባንድ ምክንያት አላጡትም።

የማኘክ ነገር ግን በራሱም ያሳስበኛል። እኛ ቤት ጥርስ ያለቀባቸው አዛውንት ምን ይበላሉ? ፍትፍት። ሽሮ ፍትፍት ጠዋት፣ ሽሮ ፍትፍት ማታ። ሲከፋ አጥሚት ብቻ። ሥጋው ይቀራል፣ ጎመኑ ይቀራል፣ ፍራፍሬው ይቀራል። ቆሎማ ከቀረ ስንት ዓመቱ። ከዚያ ሰውነት ይከሳል፣ ጡንቻ ይሟሽሻል፣ ጉልበት ይከዳል። የደከመ ሰው ደግሞ በደንብ አይስልም፣ አልጋ ላይ ይበዛል፣ ትንታው ይብሳል። ክብ ነው ነገሩ።

ምግቡን ማለስለስ ይቻላል፤ ማደኽየት ግን አያስፈልግም። ምስሩን በደንብ አብስሎ መጨፍለቅ፣ እንቁላል መፈርፈር፣ አቮካዶ መፍጨት፣ ሥጋውን ፈጭቶ ምንቸት አብሽ መሥራት። የአዛውንቱ ሻይ ላይ ሦስት አራት ማንኪያ ስኳር ማድረግ ግን ይቅር። ሲያረጁ ድድ ይሸሻል፤ ሥሩ ይገለጣል፤ ሥሩ ከላይኛው የጥርስ ክፍል ይልቅ ለስላሳ ስለሆነ በስኳር ቶሎ ይበሳል። ሐኪሙ ለመዋጥ እንዲቀል ብሎ የሚያዘው ጣፋጭ ሽሮፕም እንደዚያው ነው። ከወሰዱ በኋላ ቢያንስ ውሃ ይጠጡበት።

ስለ አቦራረሱ እንነጋገር። ለመግለጽ ቀላል ነው፤ ሲያደርጉት ግን ብዙ ሰው ይፈራል። ራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ አንዲት እናትን የምታስታምም ወጣት አለች። እናትየው ስትሮክ አግኝቷቸው ቀኝ እጃቸው አይሠራም። ልጅቱ ብሩሽ ይዛ ቆማ “ብጎዳቸውስ?” አለችኝ። ከዚያ ወደሳቸው ዞር ብላ “እማማ፣ አፍዎን ላጽዳልዎት?” አለች። “ተይኝ ልጄ። ከእንግዲህ ለማን ልሥቅ ብዬ ነው?” አሏት። “ለኔ” አለቻቸው። አፋቸውን ከፈቱ።

ትራስ ደራርበን ቀና አደረግናቸው። ፎጣ ደረታቸው ላይ ዘረጋን። ልጅቱ ፊት ለፊት ሳይሆን በጎናቸው፣ ትንሽ ወደ ኋላ ብላ ቆመች፤ አገጫቸው ወደ ደረት ትንሽ ዝቅ አለ። ራስ ወደ ኋላ ከተቀለበሰ ውሃው በቀጥታ ወደ ጉሮሮ ይወርዳል። ብሩሹ ትንሽና ለስላሳ ነበር። ሳሙናው የአተር ፍሬ ታህል ብቻ። በአንድ ጣቷ ጉንጫቸውን ከውስጥ ወደ ውጭ ገፋች፤ ጣትን በጥርስ መሀል ማስገባት አይገባም፣ ሳያስቡት ሊነክሱ ይችላሉ። ከታች ቀኝ ጀመረች። ብሩሹን ድድና ጥርስ የሚገናኙበት ላይ አጋድማ፣ በትንንሽ ክብ እንቅስቃሴ።

ወዲያው ደማ። ልጅቱ እጇን ሰበሰበች። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚያቆመው። ድዱ የሚደማው ሳይጸዳ ስለቆየና ስለታመመ ነው እንጂ ስለተቦረሸ አይደለም። በለስላሳ ብሩሽ በየቀኑ ሲቀጥል ብዙ ጊዜ በአንድ ሁለት ሳምንት ይቀንሳል። ከዚያ በላይ ከቀጠለ፣ ወይም ሰውየው ደም የሚያቀጥን መድኃኒት እየወሰደ ብዙ ከደማ፣ ሐኪም ያየው።

እማማ ሲጨርሱ አልተጉመጠመጡም። መትፋት የሚችል ይትፋ፤ የማይችለውን በእርጥብ ፋሻ ወይም በንጹሕ ጨርቅ መጥረግ ነው። ልጅቱ ምላሳቸውን ከኋላ ወደ ፊት በቀስታ ጠረገች። ከንፈራቸውን ቫዝሊን ቀባቻቸው። ሁሉም አምስት ደቂቃ ገደማ ፈጀ። ውሃው አንድ ኩባያ አይሞላም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፤ “ውሃ የለም” የሚለው ምክንያት እዚህ ጋ አይሠራም።

የመርሳት በሽታ ያለባቸው ሲሆኑ ነገሩ ይከብዳል። ይገፋሉ፣ ፊታቸውን ያዞራሉ፣ አንዳንዴ ይማታሉ። በጉልበት አታድርጉት። ከሩብ ሰዓት በኋላ ተመለሱ። ብሩሹን በእጃቸው አስይዛችሁ እጃቸውን ይዛችሁ አብራችሁ አንቀሳቅሱ። አንዳንዱ ደግሞ ሰው ሲቦርሽ ሲያይ ይከተላል። ከፊል ማጽዳትም ምንም ካለማጽዳት ይሻላል። ድንገት ማስቸገር ከጀመሩ፣ መብላት ካቆሙ፣ ጉንጫቸውን በእጃቸው ከያዙ ግን “እርጅና ነው” ብላችሁ አትለፉት። ሕመሙን መናገር ያቃተው ሰው የሚናገረው እንደዚያ ነው።

መቼ? በቀን ሁለቴ ቢሆን ጥሩ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ከተቻለ ማታ ይሁን። ተኝተን ሳለ ምራቅ ይቀንሳል፣ ሽፋኑ ይፋፋል፣ ምራቁም ወደ ሳንባ የሚወርደው በዚያን ሰዓት ነው። ማታ መሆኑ ሌላም ጥቅም አለው። ብዙ እናቶችና አባቶች ይጾማሉ። ቆራቢ የሆኑ ደግሞ ከመቁረባቸው በፊት ውሃ በአፋቸው አያዞሩም። ጠዋት ብሩሽ ስታቀርቡላቸው “ጾም ላይ ነኝ” ይላሉ። ልክ ናቸው፤ አትጨቃጨቋቸው። ማታ ከመኝታ በፊት በደንብ ከጸዳ ሌሊቱ ያልፋል። ቀን ሲገድፉ ደግሞ መድገም ነው። በረመዳን የሚጾሙትም ከመግሪብ በኋላና በሱሁር ሰዓት ይመቻቸዋል።

መፋቂያስ? እወዳለሁ። የወይራና የክትክታ መፋቂያ በየመንገዱ ዳር ይሸጣል፤ በመፋቂያ መጠቀምን የዓለም ጤና ድርጅትም ልማዱ ላላቸው ማኅበረሰቦች ደግፎታል። እጃቸው የሚሠራ አዛውንት ዕድሜ ልካቸውን የፈቁበትን ነገር መንጠቅ ክፋት ነው። ከጎኑ ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና ብትጨምሩ ግሩም ነው። ለሌላ ሰው በመፋቂያ ማጽዳት ግን አልመክርም፤ ድድ ይወጋል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ላንሣ፤ ከስምጥ ሸለቆ አካባቢ፣ ከወንጂና ከዝዋይ ወገን የመጡ አዛውንት ቡናማ ጥርስ ይኖራቸዋል። ያ ከውሃው ፍሎራይድ የመጣ ነው፣ ቆሻሻ አይደለም። ሊፈትጉት ሲታገሉ ያየኋቸው አስታማሚዎች አሉ። አይለቅም። እንደማንኛውም ጥርስ በቀስታ ማጽዳት ብቻ ነው።

ሰው ሠራሽ ጥርስ ያላቸው ሰዎች ጉዳይ ለየት ይላል። ማታ ይውለቅ። ቶኪዮ ውስጥ 85 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ከ500 በላይ ሰዎችን ለሦስት ዓመት የተከታተለ ጥናት፣ ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን እንዳደረጉ የሚተኙት የሳንባ ምች የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎቹ ከእጥፍ በላይ ሆኖ አግኝቶታል። ብዙዎች ግን ያፍራሉ። ባለቤታቸው ፊት እንኳ አውልቀው የማያውቁ አሉ። እሱን ማክበር ያስፈልጋል፤ መብራት ጠፍቶ ወይም መጋረጃ ተጋርዶ ይውለቅ።

የወለቀውን በብሩሽና በተራ ሳሙና እጠቡት። የጥርስ ሳሙና ይፍቀዋል። የፈላ ውሃ አታፍስሱበት፤ ይጣመማል፣ ከዚያ ድድ ያቆስላል። ውሃ ውስጥ ይደር። ላንቃቸው ላይ መቅላት ወይም ነጭ ነገር ካያችሁ ፈንገስ ሊሆን ይችላል፤ ይታከማል። መጦሪያ ውስጥ ደግሞ አንድ ከባድ ችግር አለ፤ ሰው ሠራሽ ጥርስ ይቀያየራል። የአቶ እገሌ ለአቶ እገሌ ይገባል፣ አይመጥንም፣ አያደርጉትም፣ መብላት ይተዋሉ። ጥርሱ ሲሠራ ስማቸው እንዲጻፍበት ለሠሪው ንገሩት። ክዳን ያለው ዕቃም ለየሰው፣ ስም ተለጥፎበት።

ለመጦሪያ አስተዳዳሪዎች የምለው አጭር ነው። አፍ የማጽዳቱን ሥራ “ለሁሉም” አትስጡት። የሁሉም ሥራ የማንም አይደለም። በየተራው የማን እንደሆነ ስም ይጻፍ፣ ሲደረግም ይፈረም። አዲስ ሰው ሲገባ አፉን በባትሪ አብርታችሁ እዩለት፤ የሚነቃነቅ ጥርስ ካለ ተመዝግቦ ይታከም፣ ተነቅሎ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላልና። ሲበሉ ቀና ብለው ይብሉ፣ ከበሉም በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀና ይበሉ። ለሠራተኛው ጓንት፣ ባትሪ፣ ለስላሳ ብሩሽ። ከዚህ የበለጠ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር የለውም። ለመጦሪያ መዋጮ የምታዋጡ ሰዎች ልብስና ዱቄት ስትወስዱ ብሩሽ ጨምሩበት። ለስላሳ የሚል የተጻፈበትን።

ሐኪም ጋ የምትሄዱ ከሆነ አንዳንድ ነገር ልንገራችሁ። ያበጠ ፊት፣ ትኩሳት፣ አፍ አልከፍት ማለት፣ ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየ የአፍ ቁስል ካለ አትቆዩ። የላይኛው ጥርስ ሲነቀል ዓይን ይጠፋል የሚል ፍርሃት ያላቸው አዛውንት ብዙ ናቸው፤ እውነት አይደለም፤ ረጋ ብላችሁ ንገሯቸው። የልብ ቫልቭ ያስቀየሩ ወይም ከዚህ በፊት የልብ የውስጥ ሽፋን ኢንፌክሽን የያዛቸው ካሉ ጥርስ ከመንቀላችን በፊት ይነገረን። ጸረ ተሕዋስያን ቀድመው መውሰድ ሊያስፈልጋቸው ይችላል። በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ምክንያት የሚመጣው የልብ በሽታ አገራችን ውስጥ ብዙ ስለሆነ ይሄ ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ደግሞ “ጥርስ ልነቀል ነው” ብለው በራሳቸው አያቋርጡ፤ ማቋረጡ ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። ስኳር ያለባቸው ቁርስ በልተው፣ መድኃኒታቸውን ወስደው ይምጡ። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ የሚያስታውሱትን ብቻ ሳይሆን አልጋ ሥር ያለውንም፣ በፌስታል ጠቅልላችሁ አምጡልን።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ፒያሳና አራት ኪሎ ካሉት ክሊኒኮች ብዙዎቹ ፎቅ ላይ ናቸው፣ ሊፍትም የሌላቸው አሉ። አዛውንቱን ተሸክማችሁ ደረጃ ላይ ከመቅረታችሁ በፊት ደውላችሁ ምድር ቤት ክፍል እንዳላቸው ጠይቁ። ከሌላቸው ቤት ድረስ የሚመጣ ባለሙያ ይኖራቸው እንደሆነም ጠይቁ።